በብዙ ሺህ ካርዶች መካከል አንዱን ስለ ማግኘት
የሀሽ ማውጫ ታሪክና መሻሻል

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

የሰው ልጅ መጻፍ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ድካሞች አልተለዩትም። አንደኛው የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያስቀመጠውን በሚያስፈልገው ሰዓት መልሶ ማግኘት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እንደ ትልቅ ሥራ ይቈጥረዋል፤ ሁለተኛውን ግን እስኪቸግረው ድረስ አያስበውም። ነገር ግን ተጽፎ የተቀመጠ ነገር በተፈለገ ጊዜ ካልተገኘ ለፈላጊው እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ድካም ነው። ታሪኩ የኮምፒዩተር ታሪክ ነው፤ ቢሆንም በሐድያና በከምባታ ከተሞች ለምንኖር ሰዎች ሩቅ እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቈጣጠር የተጻፉት ግን «ዓ.ም.» የሚል ምልክት አላቸው።

የካርድ ክፍል ምሳሌ

በሆሳዕና ከተማ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ። ንግሥት እሌኒ ከሐድያ ገዥ ቤት ተወልዳ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን የነበራት ሴት መሆኗን ከታሪክ ትምህርታችን እናውቃለን። ወደ ከተማችን ለሕክምና ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከዶዮገና በኩል ብዙ ሰዎች ይመጣሉ። ሕመምተኛ ወደ ማናቸውም ሆስፒታል በሄደ ጊዜ ሐኪሙን ከማየቱ በፊት በካርድ ክፍል በኩል ያልፋል። ካርዱ የተገኘ እንደሆነ ሐኪሙ ቀድሞ የታዘዘለትን መድኃኒትና የማይስማማውን መርፌ ያያል። ካርዱ ያልተገኘ እንደሆነ ግን የታወቀው ሕመምተኛ እንደ አዲስ ሰው ይመረመራል። ስለዚህ የካርድ ፍለጋ ነገር የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ በአንድ ካርድ ክፍል ውስጥ 100,000 ካርዶች አሉ እንበል። ሠራተኛው አንዱን ካርድ ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉት።

አንደኛው ከመደርደሪያው ጫፍ ተነሥቶ ካርዶቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። ዕድል ከቀናው ቶሎ ያገኛል፤ ካልቀናው እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ በአማካይ ግን 50,000 ካርድ ያህል ማገላበጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ካርዶቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከሉን እየከፈቱ መፈለግ ነው። የሚፈለገው ቍጥር ከተከፈተው የሚያንስ ከሆነ ግማሹን ይተዋል፣ የሚበልጥ ከሆነ ሌላውን ግማሽ ይተዋል። በዚህ ዓይነት ቢበዛ 17 ጊዜ ከፍቶ ካርዱን ያገኛል፤ 2ን በራሱ 17 ጊዜ ብናባዛው ከ100,000 ይበልጣልና።

ሦስተኛው መንገድ ፍለጋውን በስሌት መተካት ነው። ክፍሉ ከ000 እስከ 999 የተጻፈባቸው 1,000 መሳቢያዎች ይኑሩት፤ እያንዳንዱም ካርድ በመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች መሠረት በመሳቢያው ይግባ። ቍጥሩ 47382 የሆነ ሰው ሲመጣ ሠራተኛው ምንም ሳያገላብጥ ወደ መሳቢያ 382 ይሄዳል። በዚያም መቶ ያህል ካርዶችን ብቻ ያያል፤ መሳቢያዎቹ ከዚህ ቢበዙ ደግሞ ጥቂት ካርዶችን ብቻ ያይ ነበር። በመጨረሻዎቹ አኃዞች ካርድ መደርደር በውጭ አገር ሆስፒታሎች በወረቀት ካርድ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው።

«የመጀመሪያዎቹን አኃዞች ትቶ የመጨረሻዎቹን ለምን መረጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው መልካም ነው። በአንድ ወር ውስጥ የተሰጡ ካርዶች ሁሉ በመጀመሪያ አኃዞቻቸው ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ አንዱ መሳቢያ ሲሞላ ሌሎቹ ባዶ ይቀራሉ። የመጨረሻዎቹ አኃዞች ግን በየካርዱ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ሸክሙ ለመሳቢያዎቹ ሁሉ በእኩል ይከፋፈላል። የዚህ ሁሉ ጥበብ ሥሩ ይኸው በእኩል መከፋፈል ነው።

የሀሽ አጀማመር

በጥር ወር 1953 (1945 ዓ.ም.) ሐንስ ፒተር ሉን የተባለ በጀርመን አገር የተወለደ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መሐንዲስ በኩባንያው ውስጥ ለሥራ ባልደረቦቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። በማስታወሻውም መረጃን በመሳቢያ መሳቢያ ከፋፍሎ ማስቀመጥና የመሳቢያውን ቍጥር ከመረጃው ከራሱ በስሌት ማውጣት እንደሚቻል አስረዳ። ብዙ ነገር በአንድ መሳቢያ በተገናኘ ጊዜም እንደ ሰንሰለት አንዱን ከሌላው እያያያዙ ማስቀመጥ እንደሚቻል ገለጸ። ዛሬ የባንክ ካርድ ቍጥር በትክክል መጻፉ የሚጣራበትን የመጨረሻ አኃዝ ስሌት ያወጣውም ይኸው ሰው ነው።

በ1956 አርኖልድ ዱሜይ የተባለው አሜሪካዊ ስለዚህ ዘዴ በመጽሔት ላይ ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። እርሱም ቍጥሩን ከአንድና ከራሱ በቀር በሌላ በማይካፈል ቍጥር አካፍሎ ቀሪውን እንደ መሳቢያ ቍጥር መውሰድ የሚል ሐሳብ ሰጠ። በ1957 ደግሞ ዌስሊ ፒተርሰን በአሜሪካ፣ አንድሬይ ኤርሾቭ በሶቪየት ኅብረት፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ አንድ ቦታ ተይዞ በተገኘ ጊዜ ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ ማለፍን አጠኑ። በዚያን ዘመን ሁለቱ አገሮች በፖለቲካ የተራራቁ ነበሩ፤ የአስተሳሰብ መንገድ ግን ድንበር እንደማያግደው ይህ ምስክር ነው።

«ሀሽ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ከትፎ ማደባለቅ ማለት ነው። ክትፎን ከቆጮ ጋር ለሚያውቅ ለአገራችን ሰው ትርጉሙን ማስረዳት አያስቸግርም። ኮምፒዩተሩ የተሰጠውን ስም ወይም ቍጥር ይከትፈዋል፣ ያደባልቀዋል፣ ከዚያም አንድ አጭር ቍጥር ያወጣል። አከታተፉ ደኅና ከሆነ «አበበ» እና «አበባ» የሚሉ ተመሳሳይ ስሞች እንኳ በተራራቁ መሳቢያዎች ይገባሉ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት ቍጥር ማውጣታቸው ግን የማይቀር ነው። ይህም እንዳይገርመን የታወቀውን የልደት ቀን ስሌት እናስታውስ። ዓመቱ 365 ቀኖች ሳሉት፣ በአንድ ክፍል 23 ተማሪዎች ቢኖሩ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ ሠራተኛው መሳቢያውን ከከፈተ በኋላ ካርዱ የዚያው ሰው መሆኑን አንብቦ ማረጋገጥ አለበት፤ ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ያደርጋል።

መረጃ በሠንጠረዥ ሲቀመጥ

በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለው በእንግሊዝ አገር የተወለደ የአይ.ቢ.ኤም. ሊቅ ብዙ መረጃ በቀላል ሠንጠረዦች እንዲቀመጥ የሚያስተምር ጽሑፍ አወጣ። ሠንጠረዥ ማለት እንደ መምህር የማርክ መዝገብ ዓምድና ረድፍ ያለው ነው። ሠንጠረዦቹ በጋራ ዓምድ እየተዛመዱ ለጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ ይህም ዛሬ ዝምድናዊ የመረጃ ቋት የሚባለው ነው።

ከኮድ ትምህርት ለእኛ ርእስ ዋናው ነገር ይህ ነው። ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ መረጃው በየትኛው መደርደሪያ እንዳለና በየትኛው ማውጫ እንደሚገኝ ማወቅ አይገባውም። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች ማውጫውን ከውስጥ ቢያሻሽሉት የጠያቂው አነጋገር አንድ ፊደል እንኳ ሳይለወጥ ሥራው ይፈጥንለታል።

በዚያው ዘመን፣ በ1972፣ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክክራይት ቢ-ትሪ የሚባለውን የዛፍ ማውጫ በጽሑፍ አወጡ። ይህ ከላይ ያየነውን ሁለተኛ መንገድ፣ ማለት የቅደም ተከተሉን፣ የሚከተል ነው። ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅጠል እየወረዱ በጥቂት እርምጃ ይደርሱበታል። በተራ የተደረደረ ስለሆነም «ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 የሆኑትን አምጣ» ለሚል ጥያቄ ያገለግላል። የሀሽ ማውጫ ይህን አይችልም፤ 15ን እና 16ን ከትፎ በተለያዩ መሳቢያዎች በትኗቸዋልና። እርሱ የሚያውቀው «እኩል ነው» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ማውጫዎች እንደ ማረሻና እንደ ማጭድ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የማደግ ችግር

የሀሽ ማውጫ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ካርዶቹ ከ100,000 ወደ 1,000,000 ያደጉ እንደሆነ በእያንዳንዱ መሳቢያ 1,000 ካርዶች ይታጨቃሉ። መሳቢያዎቹን ለመጨመር ስሌቱ መለወጥ አለበት፤ ስሌቱ ሲለወጥ ደግሞ ካርዶቹ ሁሉ ተነሥተው እንደገና መደልደል አለባቸው። ይህ ሲሆን ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በ1980 ቪቶልድ ሊትዊን የተባለው ሊቅ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ማሳደግ የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። በትንሽ ቍጥር እንየው። 0፣ 1፣ 2 እና 3 የሚባሉ አራት መሳቢያዎች አሉን፤ ካርዱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው የመሳቢያው ቍጥር ይሆናል። ቦታ ሲጠብብ 4 የሚባል አንድ አዲስ መሳቢያ ብቻ እንጨምራለን፤ የመሳቢያ 0 ካርዶችንም ብቻ እንደገና ለ8 እናካፍላለን። በዚያ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ነበሩ እንበል። 8 እና 16 ለ8 ሲካፈሉ ቀሪ ስለሌላቸው በቦታቸው ይቆያሉ፤ 12 እና 20 ቀሪያቸው 4 ስለሆነ ወደ አዲሱ ይሄዳሉ። የሌሎቹን ሦስት መሳቢያዎች ካርዶች ማንም አይነካቸውም። በሚቀጥለው ጊዜ መሳቢያ 1 ተራው ይደርሰዋል፤ እንዲህ እየተባለ ቤቱ ሳይፈርስ ይሰፋል።

በ1991 ማርጎ ሴልትዘርና ኦዛን ይጊት በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ለዩኒክስ ኮምፒዩተሮች አንድ የሀሽ መሣሪያ ሠሩ። ቀጥሎ የምንተርከው የፖስትግሬስ የሀሽ ማውጫ የተሠራው በዚሁ ንድፍ ነው።

ለረጅም ዘመን ችላ የተባለ ማውጫ

ፖስትግሬስ በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ የመረጃ ቋት ነው። ከ1996 ጀምሮ ፖስትግሬስኪውኤል በሚለው ስም በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው ያሳድጉታል። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊሠራበት፣ ውስጡንም ከፍቶ ሊያነብና ሊያርም ይችላል።

በ2001 በወጣው በ7.1ኛው እትም ውስጥ የቅድሚያ መዝገብ የሚባል ታላቅ ነገር ተጨመረ። ይህን በዕድር ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ጥንቁቅ የሆነ የዕድር ገንዘብ ያዥ ከሣጥኑ ገንዘብ አውጥቶ ለሐዘንተኛው ከመስጠቱ በፊት «ይህን ያህል ለእገሌ» ብሎ በመዝገብ ይጽፋል። በመካከሉ ድንገተኛ ነገር ደርሶበት ሥራውን ቢያቋርጥ ሌላው ሰው መዝገቡን አንብቦ የጐደለውን ይፈጽማል። ኮምፒዩተሩም መረጃውን ከመለወጡ በፊት የሚለውጠውን አስቀድሞ ይጽፋል። መብራት ድንገት ቢጠፋና ተመልሶ ቢመጣ መዝገቡን አንብቦ ያቋረጠውን ይጨርሳል። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው የዚህ ጥቅም ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሠንጠረዦቹና የዛፍ ማውጫው በዚህ መዝገብ ጥበቃ ውስጥ ገቡ። የሀሽ ማውጫ ግን አልገባም፤ እስከ 2017 ድረስ፣ ማለት 16 ዓመት ያህል፣ ከጥበቃው ውጭ ቆየ።

የዚህን ጉዳት በደንብ እንመልከት። ኮምፒዩተሩ መሳቢያ 0ን ለሁለት እየከፈለ ሳለ መብራት ጠፋ እንበል። 12 ከአሮጌው መሳቢያ ወጥቶ ወደ አዲሱ ሳይገባ ቀርቷል። ሠንጠረዡ ራሱ በመዝገቡ ስለተጠበቀ የሰውየው መረጃ አልጠፋም። ነገር ግን በማውጫው በኩል የሚፈልገው ሁሉ «12 የለም» የሚል መልስ ያገኛል። የተበላሸ ማውጫ ሁልጊዜ «ተበላሽቻለሁ» ብሎ አይጮኽም፤ በጸጥታ «የለም» ሊል ይችላል። ካርዱ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቱ «ካርድ የለዎትም» ተብሎ ቢመለስ ከዚህ የከፋ ምን ስሕተት አለ?

እንደዚሁም የመረጃው ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ሲጠበቅ ቅጂው የሚታደሰው በዚሁ መዝገብ ስለሆነ፣ የሀሽ ማውጫው ለውጥ ወደ ቅጂው አይተላለፍም ነበር። ስለዚህ የፖስትግሬስ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ በዚህ ማውጫ መጠቀም እንደማይመከር በማስጠንቀቂያ ይገልጽ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ፍጥነት ያለ ጥበቃ መጨረሻው እንደገና መልቀም ሆነ።

በመካከሉ ማሻሻያ ጨርሶ አልተደረገም ማለት አይደለም። በ2009 በወጣው በ8.4ኛው እትም የሀሽ ማውጫ የተፈለገውን ቃል በሙሉ መያዙን ትቶ በአራት ባይት የሚጻፈውን የሀሽ ቍጥር ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። ይህም ረጅም ጽሑፍ ለሚፈለግበት ሥራ ማውጫውን አሳጠረው። ነገር ግን ዋናው ጕድለት፣ የመታመን ጕድለት፣ እንዳለ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ ሳይጠገን ቀረ? የዛፍ ማውጫው አብዛኛውን ሥራ በሚያረካ ፍጥነት ስለሚሠራ ሀሹ ባይኖርም ብዙ ሰው አልተቸገረም። የሚጠቀምበት ስለሌለ የሚጠግነው አልተገኘም፤ ስላልተጠገነ ደግሞ የሚጠቀምበት አልመጣም። በቤት ውስጥም ሆነ በአገር፣ ብዙ መልካም ነገር የሚበላሸው በእንዲህ ያለው ክብ መንገድ ነው።

ጥገናው እንዴት ተፈጸመ

ይህን ክብ የሰበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከነርሱም ዋናው አሚት ካፒላ የተባለው ሕንዳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሚቱን ሲ እና አሹቶሽ ሻርማ አብረውት ሠርተዋል፤ ሮበርት ሃስ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ ሥራቸውን እየመረመረ ወደ ዋናው ፕሮግራም አስገብቶታል። ሥራቸው በ2016 እና በ2017 የተፈጸመ ነው።

የሥራቸው ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ወዲያው መዝገቡን ወደ መጨመር አልሮጡም። መጀመሪያ መሳቢያ የሚከፈልበትን አሠራር ለወጡት፤ መሠረቱ ሳይስተካከል መዝገብ ቢጨመርበት አይጸናምና።

በድሮው አሠራር አንድ መሳቢያ ለሁለት ሲከፈል ሠራተኛው በሩን ዘግቶ ሌሎቹን ያስጠብቃቸው ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን በመሳቢያው ላይ «በመከፈል ላይ ያለ» የሚል ምልክት ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የሚፈልግ ሰው አሮጌውንም አዲሱንም መሳቢያ ያያል፤ ተዛውሮ የመጣው ካርድ የራሱ ምልክት ስላለው ሁለት ጊዜ አይቈጠርም። ሥራው በመካከል ቢቋረጥ ምልክቱ ስለሚቀር በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ከቆመበት ይቀጥለዋል። ይህ በ2016 መጨረሻ ተፈጸመ። ከዚህ በኋላ ነው በመጋቢት 2017 የቅድሚያ መዝገቡ ለሀሽ ማውጫ የተጨመረለት።

ሌሎችም ማሻሻያዎች ተከተሉ። መሳቢያዎቹ ስንት እንደሆኑ የሚገልጽ አንድ ገጽ በማውጫው መጀመሪያ አለ። ቀድሞ ፈላጊው ሁሉ በየጊዜው ወደዚህ ገጽ እየሄደ ስለሚያነብ መጨናነቅ ይሆን ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሠራተኛ የገጹን ቅጂ በኪሱ እንደሚይዝ ያህል ይዞ ይሠራል፤ ቅጂው ያረጀ እንደሆነ መሳቢያውን ሲከፍት ስለሚያውቀው ያድሰዋል። ደግሞም ማውጫው ሲያድግ የሚያስፈልገውን ቦታ በአንድ ጊዜ በእጥፍ መያዙን ትቶ በአራት ደረጃ ከፍሎ እንዲይዝ ተደረገ፤ በዚህም ባዶ ቦታ መባከኑ ቀነሰ።

እነዚህ ሁሉ ተጠቃለው መስከረም 25 ቀን 2010 ዓ.ም. (በ2017) በወጣው በ10ኛው እትም ለዓለም ቀረቡ። የድሮው ማስጠንቀቂያም ከመመሪያው መጽሐፍ ተሰረዘ። በጠያቂው በኩል አንድም ቃል አልተለወጠም፤ ኮድ በ1970 ያስተማረው ይኸው ነበርና።

ነገሩ ለእኛ ምን ይጠቅመናል

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ወሬ የሚመስለው ሰው ቢኖር አገራችንን ይመልከት። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለት ፋይዳ፣ የተሠራው ሞሲፕ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው፤ ሞሲፕም መረጃውን የሚያስቀምጠው በፖስትግሬስኪውኤል ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የተባለው ሥርዓትም የሚሠራው በዚሁ ቋት ነው። የትኛው ማውጫ ለየትኛው ዓምድ እንደሚስማማ መምረጥ የባለሙያው ሥራ ነው፤ ይህንንም ለመምረጥ የአገሩን ስምና ጽሕፈት ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የሀሽ ማውጫ ለሰው ስም ሳይሆን ለቍጥር የተመቸ ነው። በአገራችን የቤተ ሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። በአንድ መዝገብ ውስጥ «ታደሰ» የሚባሉ 2,000 ሰዎች ቢኖሩ ሁሉም አንድ ዓይነት የሀሽ ቍጥር ስለሚያወጡ በአንድ መሳቢያ ይታጨቃሉ፤ መሳቢያው የቱንም ያህል ቢከፈል አይለያዩም። ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቍጥር ግን ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ በመሳቢያዎቹ ሁሉ በእኩል ይበተናል።

ሁለተኛ፣ ፊደላችን በድምፅ አንድ የሆኑ ብዙ ሆሄያት አሉት። «ኃይሌ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ «ሀይሌ»፣ ሌላው «ሃይሌ»፣ ሦስተኛው «ሐይሌ» ብሎ ይጽፈዋል። ፊደላችን በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። እኛ በጆሮ አንድ የምንላቸው ለኮምፒዩተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የከተማችን ስም እንኳ «ሆሳዕና»፣ «ሆሳእና» እና «ሆሣዕና» ተብሎ ሲጻፍ በሦስት የተራራቁ መሳቢያዎች ይገባል። በቅደም ተከተል የተደረደረ ማውጫ ቢሆን የመጀመሪያ ሆሄያቸው አንድ የሆኑት ጎን ለጎን ሊገኙ ይችሉ ነበር፤ በሀሽ ግን ጎረቤት የለም።

ሦስተኛ፣ ሐድይሳና ከምባትሳ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በላቲኑ የረዘመ ድምፅና የጠበቀ ፊደል በድርብ ሲጻፍ፣ በግእዝ ፊደል ግን መጥበቁ አይታይም። ስለዚህ አንድ የሐድያ ወይም የከምባታ ሰው በአንደኛው ጽሕፈት ተመዝግቦ በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ስሙ ከመከተፉ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ ደንብ ማውጣትና ማውጫውን በዚያ ላይ መሥራት ነው። የሰውየው ስም በመታወቂያውና በካርዱ ላይ እርሱ በሚጽፈው መንገድ ይቆያል፤ ፍለጋው ብቻ በደንቡ ይካሄዳል። ፖስትግሬስ እንዲህ ባለው ደንብ ላይ ማውጫ ለመሥራት ይፈቅዳል። ደንቡን የሚያወጣው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ ሕንዳዊውም ሆነ አሜሪካዊው ይህን ሊያወጣልን አይችልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ፈጣን ነገር የሚጠቅመው የሚታመን ሲሆን ነው። ሉን በ1953 ያሰበው ሐሳብ ብልህ ነበር፤ በፖስትግሬስ ውስጥ ሙሉ ጥቅም የሰጠው ግን ከ64 ዓመት በኋላ፣ ትዕግሥተኞች መሐንዲሶች ጕድለቱን ባሟሉለት ጊዜ ነው። አዲስ ነገር የሚፈጥር ሰው በዓለም ዘንድ ስሙ ይነሣል። የተበላሸውን የሚጠግን ግን ብዙ ጊዜ አይመሰገንም። ይሁን እንጂ የታመመ ሰው ካርዱ የሚገኝለት፣ ተማሪ ማርኩ የማይጠፋበት፣ በዚህኛው ሰው ድካም ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ የሒሳብና የቋንቋ ትምህርታችንን የማይገናኙ አድርገን አንቍጠራቸው። የፖስትግሬስ መጽሐፉ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ በከተማችን ባለው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚማር የሐድያ ወይም የከምባታ ልጅ ውስጡን አንብቦ ለመጠገን የሚከለክለው የለም። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም ስማችንን በመዝገብ ሲያስጽፉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲያስጽፉ በትሕትና እናሳስባለን። በአንድ ሆሄ ምክንያት የሚጠፋ ካርድ ጥቂት ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን ያለው ካርድ እርሱ ብቻ ነው።